ቀይ ጨርቅ የታሰረባት ፓፓያ

ትናንት ጎረቤቴ ከጓሮዋ የላከችልኝን ፓፓያ ለልጆቼ ልቆርጥ ብዬ፣ እንደ ልማዴ ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ ትል እንዳይኖረው ዙሪያውን አገላብጬ አይቼ ቢላዋውን ሳሳርፍበት ያ ከበድ ያለ ጣፋጭ ሽታው ወጣ፤ እኔም ባለሁበት ቀረሁ። ልጆቹ ምን ሆንሽ ሲሉኝ ምንም አልኳቸው። ፊቴ ግን በእፍረት ግሎ ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ትምህርቴን ከማቋረጤ በፊት፣ ሸዋ ሮቢት ዳር ወንዙ አጠገብ ነበር የምንኖረው። ጋሼ ደምሴ ከሚባሉ ሽማግሌ የሚለየን አጥር ብቻ ነበር፤ ጓሯቸው የቦይ ውኃ የሚጠጣ፣ በዚያ ሁሉ የይፋት ሙቀት መሐል አረንጓዴ ሆኖ የሚውል የፓፓያ ጓሮ ነው። ጭንቅላታቸው ላይ ጉትያ ያላቸው፣ ጅራታቸው ከገላቸው የሚረዝም አመድማ ወፎች እየመጡ ፍሬውን ሲያበላሹባቸው፣ ጋሼ እንደ ሌላው ሰው በወንጭፍ አላባረሯቸውም። አንዷን የበሰለች ፓፓያ ጎኗን በቢላዋ ከፈት ያደርጉና አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስሩባታል። ወፎቹ ውለው ሳያድሩ ነገሩ ገባቸው፤ ጨርቅ ያለባትን እንጂ ሌላዋን አይነኩም። ጨርቁን ወደ ሌላ ዛፍ ሲያዛውሩ አጥሩ ላይ ተደርድረው የሽማግሌውን እጅ ይከተላሉ። እኔ ብቅ ስል ብር ይላሉ፤ አንድ ቀን የእሳቸውን ካፖርት ለብሼ ብገባም አልተታለሉም።

የሰፈሩ ሰው ከወፎቹ ጋር የተዋዋሉት በየትኛው ዳኛ ፊት እንደሆነ እየጠየቀ ያሾፍባቸው ነበር። እሳቸው ድርሻዋን የምታውቅ ወፍ ከማያውቅ ሰው ትሻላለች ይሉና ይስቃሉ።

አንድ ቀን ወደ ጀውሃ ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ ጓሮውን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። አራስ ለሆነችው ሴት ልጃቸው ያቆዩዋት አንዲት ትልቅ ፓፓያ ነበረች። ልቅመሳት ብዬ ጀመርኩና ግማሿን ጨረስኩ፤ ስደነግጥ የቀረውን በግራር እሾህ ወጋግቼ ከዛፉ ሥር ጣልኩት። ጋሼ ሲመጡ ወፎቹ ናቸው አልኩ። ጎንበስ ብለው አንስተው ብዙ አዩት።

«በዓይንሽ አይተሻል?»

«አዎ ጋሼ፣ አይቻለሁ።»

በማግስቱ ጨርቁን ፈትተው ፍሬውን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈኑት። ወፎቹ በሰዓታቸው መጥተው አጥሩ ላይ ተደረደሩ፤ የጋሼን እጅ እያዩ ይጠብቃሉ። በሁለተኛውም ቀን መጡ። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ድንጋይ አንስተው ወረወሩባቸው። እኔም ከአጥሩ ማዶ ቆሜ እያየሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወፎቹ ከእኔ እንደሚሸሹት ከእሳቸውም ሸሹ። የሰፈሩ ሰው ወፎችዎ ውል አፈረሱ ወይ ብሎ ሲስቅ፣ ጋሼ አብረው መሳቃቸውን ትተው ወደ ቤት ይገቡ ጀመር።

ከዓመታት በኋላ፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ፣ ጋሼ ታመው ተኝተው ስለነበር ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልጃቸው ከራስጌያቸው ተቀምጣለች። ስለ ጽንሴ መክረውኝ ሲያበቁ፣

«ያኔ ሕፃን ነበርሽ፤ ምናልባት ተሳስተሽ ይሆን?» አሉኝ።

ስለ ምን እንደጠየቁኝ ወዲያው ገባኝ። ለእሷ የተቀመጠውን የበላሁባት ልጅ ፊት ለፊቴ እያየችኝ ነው።

«አልተሳሳትኩም ጋሼ።»

«ይሁን እንግዲህ፤ ወፍ ናት» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሳምንት ሳይሞላ ቀበርናቸው።

ጓሮው ዛሬ የብሎኬት ቤት ተሠርቶበታል። ወፎቹም ሌላ ቦታ ሄደዋል፤ እነሱስ የሚበሉት አያጡም። እኔ ልጆቼ እንዳይዋሹ ቀን ከሌት እየመረመርኩ አሰለቻቸዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ጋሼ ደምሴ በዚያ ጓሮ ያመኑት ወፎቹንና እኔን ነበር። ሲሞቱ እኔን እንዳመኑ ነው የሞቱት።