ጉንዳኗ ለምን ደበዘዘች

ሕመሜን መጀመሪያ ያየሁት አንዲት ጉንዳን ላይ ነው። ጥቅምት ነበር። ጓሮዬ ያለው ጎመን ላይ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ተባይ ሰፍሮበታል፤ ጤነኛ ሰው መድኃኒት ይረጫል፣ እኔ ካሜራ ይዤ ወጣሁ። በክሽክሾቹ መሃል የምትመላለሰውን ጉንዳን ስድስት ጊዜ አነሳኋት። ስድስቱም ደበዘዙ። ነፋስ ነው አልኩ። ቅጠሉ ግን ንቅንቅ አላለም ነበር።

ይህን የምጽፈው ልቡ ያለ ምክንያት ለሚደልቅበት፣ እየበላ ለሚከሳ፣ ከቤተሰቡም ከራሱም ጋር መስማማት ላቃተው ሰው ነው። አራት ወር ሙሉ በሽታዬን በገዛ እጄ ስሸፍን ስለከረምኩ፣ ሌላው እንዳይደግመው ብዬ ነው።

ኮልፌ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ባለቤቴ ለሚ 18 ማዞሪያ አካባቢ ባለ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፤ የምንኖረውም እናቴ ባወረሰችኝ ቤት ሁለታችን ብቻ ነን። ትንንሽ ፍጥረቶችን አቅርቦ፣ አግዝፎ ማንሳት ማክሮ ይባላል። ለዚያ ተብሎ የተሠራ ሌንስ ስለሌለኝ ለሚ ከፕላስቲክ ጣሳ ክዳን ቀለበት ቆርጦ፣ ተራውን ሌንሴን ገልብጬ ካሜራው ላይ የማስርበት ዘዴ ፈጠረልኝ። የተገለበጠ ሌንስ እንደ አጉሊ መነጽር ያገለግላል። ነገር ግን ነፍሳቱን በሦስት ጣት ርቀት መጠጋት፣ ትንፋሽንም መያዝ ያስፈልጋል። ጥላ ሲሆን ለሚ ነጭ ፎም ይዞ ፀሐይዋን ወደ ቅጠሉ ይመልስልኛል።

ምኞቴ አንድ ፎቶ ነበር። ጉንዳን ክሽክሿን በአንቴናዋ ስትነካካት፣ ክሽክሿ ከኋላዋ ጣፋጭ ጠብታ ታወጣለች፤ ጉንዳኗም ትጠጣዋለች። ያቺን ጠብታ ጉንዳኗ ሳትጠጣት በፊት ላነሳትና የክፍሌ ግድግዳ ላይ ልሰቅላት ፈልጌ ነበር።

ፎቶዎቹ ሲደበዝዙብኝ ማንም ፎቶ አንሺ የሚያደርገውን አደረግኩ። ሹተር ስፒዱን ጨመርኩ። ካሜራው ዓይኑን ገልጦ የሚዘጋበት ፍጥነት ማለት ነው። በጣም ከፈጠነ የእጅ መንቀጥቀጥ በፎቶው ላይ አይታይም። ጥቅምት ላይ የሰከንድ ሁለት መቶኛ ይበቃኝ ነበር። ኅዳር ላይ አራት መቶኛ አደረግኩት። ታኅሣሥ ላይ ሺህኛ ደረስኩ። ፎቶዎቹ አሸዋ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ፣ ግን ጉንዳኗ ትታያለች። በብልሃቴ ተደሰትኩ።

ሌላውንም ሁሉ እንዲሁ በየፈርጁ አስተባበልኩት። ቀሚሴ ሰፋኝ፤ መምህራን ክፍል ውስጥ «ዳይት ላይ ነሽ እንዴ?» ሲሉኝ ደስ አለኝ፣ የምበላው ግን የሁለት ሰው ነበር። በታኅሣሥ ብርድ፣ ብርድ ልብሱን እየገፈፍኩ ለሚን አበርደው ጀመር። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ክፍሌ ስደርስ ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ይመታል። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ጽሑፉ አይነበብም» ሲሉኝ ጠመኔው ነው አልኩ። መቀመጥ አልቻልኩም። አንዱን ሥራ ጀምሬ ሌላውን አነሳለሁ፣ ሌላውን ጥዬ ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ፣ ሁለቱም አያልቁም። ለሚ ዳቦ ሲያኝክ ድምፁ ያንገሸግሸኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ያኘከ ሰው እኮ ነው!

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ነበርን። እኔ ካሜራ፣ እሱ ፎም ይዘናል። ሹተር ስፒዱ ሁለት ሺህኛ ደርሷል። ፎቶው ደበዘዘ።

«ፎሙን አታንቀጥቅጠው» አልኩት።

«እጅሽ እኮ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆየ። ሐኪም ይይሽ።»

ከዚያ ያልኩትን መጻፍ ይከብደኛል። ካልጻፍኩት ግን ሌላውም አይጻፍ።

«ይሄ የእናቴ ቤት ነው። ካልተመቸህ በሩ ክፍት ነው» አልኩት።

ሚስቱ ቤት ገብቶ የሚኖር ወንድ በእኛ ሰፈር ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ለሚ ያንን ሁሉ ችሎ፣ ጣሪያውን በእጁ ቀይሮ፣ መብራቱን አዲስ ዘርግቶ ኖሯል። አንድ ቀን እንኳ አንስቼበት አላውቅም ነበር።

ፎሙን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ልብሱን በቦርሳ ያዘ። የግቢውን ቁልፍ ከመያዣው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቤቴል፣ እህቱ ጋ ሄደ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ዳማ ከሴ ቆርጠው መጡ። «ንዴት ነው ያከሳሽ ልጄ፤ ጸበል ሂጂ» አሉኝ። እኔም ንዴት ነው ብዬ አመንኩ። ታጥቦ የተሰቀለ መጋረጃ አውርጄ እንደገና አጠብኩ። አልጋዬን ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት አዛወርኩ። ስልኬን አንስቼ የለሚን ስም እያየሁ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ደግሞም እሱ ላይ እናደዳለሁ።

በዚህ ንዴት ውስጥ ሆኜ ነው ለደበዘዘው ፎቶ ሌላ ጥፋተኛ የፈለግኩት፤ ያ የጣሳ ክዳን ቀለበት። ላልቷል፣ ሌንሱን እያወዛወዘ ነው አልኩ። ይህን ለማረጋገጥ ባልዲ ደፍቼ፣ በላዩ የሽንብራ ከረጢት አድርጌ ካሜራውን አስቀመጥኩበት። እንደ መጀመሪያው ጊዜ የሰከንድ ሁለት መቶኛ ላይ መለስኩት። በአሥር ሰከንድ ራሱ እንዲያነሳ አዝዤ እጄን ሰበሰብኩ።

ጉንዳኗ እግሯ ላይ ያለው ፀጉር ሳይቀር ጥርት ብላ ወጣች።

ደገምኩት። ጠራ። ከዚያ ካሜራውን በእጄ ያዝኩ። ደበዘዘ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ነፋሱም፣ ቀለበቱም፣ ለሚም ነጻ ወጡ። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። እጄን ፀሐይዋ ላይ ዘረጋሁና ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ይንቀጠቀጣል።

ካሜራ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ሹተር ስፒዱን ይመዘግባል። ከጥቅምት ጀምሮ ያሉትን አንድ በአንድ ከፍቼ ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ገለበጥኩ። ሁለት መቶ፣ አራት መቶ፣ ሺህ፣ ሁለት ሺህ። ሳላውቀው የሕክምና ካርዴን ራሴ ስጽፍ ከርሜያለሁ።

በማግስቱ ከአየር ጤና ታክሲ ይዤ ቤቴል ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ለሚ ያለበት ሰፈር መሆኑን እያወቅኩ፣ መንገድ ላይ እንዳላገኘው ፈርቼ፣ ባገኘው ደግሞ ብዬ እየተመኘሁ ነው የሄድኩት። ሐኪሟ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። እጄን አስዘርግተው ጣቶቼ ላይ አንድ ወረቀት አሳረፉ። ወረቀቱ ተንቀጠቀጠ። ከኋላዬ ቆመው አንገቴን ዳሰሱ፣ ውኃ አስዋጡኝ። ተቀምጬ የልቤ ምት በደቂቃ መቶ ሃያ ስምንት ነበር።

«ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ይሆናል?» አሉኝ።

ደብተሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ሰው ሁሉ ‹ቆየት ብሏል› ነው የሚለኝ። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» ብለው ሳቁ።

በደም ምርመራው ታይሮይድን የሚያዘው ቲኤስኤች በጣም ዝቅ ብሎ፣ የታይሮይድ ሆርሞኖቹ ቲ-ፎር እና ቲ-ስሪ ከፍ ብለው ወጡ። ሃይፐርታይሮይዲዝም ነው። ምክንያቱን ተጨማሪ ምርመራ አረጋገጠው፤ ግሬቭስ የሚባለው በሽታ። አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሆርሞን ታመርታለች። እንቅርቱ የግድ ወጥቶ መታየት የለበትም። እኔ ይህን ዕጢ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ።

አንድ ጥያቄ ነበረኝ። «ዶክተር፣ ክፉስ ያናግራል?»

«ያነጫንጫል፣ ትዕግሥት ያሳጣል። ቃሉን ግን ታይሮይድ አይመርጥልሽም» አሉኝ።

ፕሮፕራኖሎል ለልብ ምቱና ለመንቀጥቀጡ፣ ፒቲዩ ደግሞ ለዕጢዋ ታዘዘልኝ። የመጀመሪያው በቀናት፣ ሁለተኛው በሳምንታት እንደሚሠራ ነገሩኝ። ቀጥለው ጣታቸውን አነሱ። «ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከተሰማሽ ፒቲዩውን አትዋጪ። ቤት አትቆዪ። በዚያው ቀን ነጭ የደም ሕዋስ ትቆጠሪያለሽ። አልፎ አልፎ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋስን ያሟጥጣል።»

መድኃኒቱን ከጀመርኩ በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ጉሮሮዬን አመመኝ። ትኩሳቴን ለካሁ። ሠላሳ ዘጠኝ። ጉንፋን ነው አልኩ። ዳማ ከሴ ጨመቅኩ። ኩባያውን አፌ ላይ እንዳደረስኩ የሐኪሟ ጣት ትዝ አለኝ። አስቀመጥኩት። ልቆም ስል ራሴን አዞረኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ለሚ ጋ ደወልኩ። ከሄደ ወዲህ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

«የት ነሽ?» ብቻ ነው ያለኝ።

መጣና በሩን አንኳኳ። እየተንፏቀቅኩ ከፈትኩለት። በኮንትራት ታክሲ ወሰደኝ። ደሜ ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ነጭ የደም ሕዋስ ከሌለ፣ ያቺ የጉሮሮ ሕመም ልትገድለኝ እንደምትችል አውቄ ነበር። የፈራሁት ግን ሳልናገር መሞትን ነው።

«በሽታው ነው ያናገረኝ ልልህ ነበር» አልኩት። «ውሸት ነው። በሽታው እጄን ነው ያንቀጠቀጠው። ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የሚያምህን ስለማውቅ መረጥኩት። ይቅር በለኝ።»

«ለማንም አልተናገርኩም» አለ ለሚ። «እህቴን ቤታችን ቀለም እየተቀባ ነው ብያታለሁ።»

«ከወር በላይ?»

«ሁለተኛውን ቀለም እየደገሙ ነው አልኳት።»

ሳቅኩ። አለቀስኩም።

ነጭ የደም ሕዋሴ በቂ ነበር፤ የያዘኝ ቶንሲል ነው። ሐኪሟ ፒቲዩው ይቀጥል አሉ። ከክሊኒኩ ስንወጣ ቁልፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ኪሱ ከተተው። ቤት አድርሶኝ ተመልሶ ወደ ቤቴል ሄደ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት በየጠዋቱ እየመጣ መድኃኒቴን መዋጤን ይጠይቀኝና ቆሞ ሻይ ይጠጣ ጀመር፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ ግን ሁልጊዜ በሩን ያንኳኳ ነበር። እትዬ ዘነበች «የራሱን በር የሚያንኳኳ ባል ዛሬ አየሁ» ብለው ተገረሙ፤ እኔም የሚገባኝ ስለሆነ እየሮጥኩ እከፍትለታለሁ። ፎሙ እሱ ያስደገፈበት ግድግዳ ላይ ነበር፤ እኔ አላነሳሁትም፣ እሱም አይነካውም። በየቀኑ ጠዋት ያንኑ ጎመን በእጄ አነሳና ፎቶው የሚጠራበትን ዝቅተኛ ፍጥነት ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ሺህኛ፣ ከዚያ ስድስት መቶ አርባኛ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ አምስት መቶኛ እያለ ቁጥሩ ሲወርድ፣ ቀሚሴ እየጠበበኝ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ እየሳብኩ መተኛት ቻልኩ። አንድ እሑድ ሙሉ ፈተና ሳርም ከወንበሬ አለመነሳቴን ያወቅኩት እግሬ ሲደነዝዝ ነው።

አሁንም መድኃኒት ላይ ነኝ፤ ዓመት ከመንፈቅ ሊወስድ እንደሚችል ተነግሮኛል፤ ተመልሶ ሊመጣም ይችላል። ለሐኪሟ፣ ደሜን እየሳቁ ለሚቀዱልኝ የላብራቶሪ ልጆች፣ ጸበሉንም ሾርባውንም ላመላለሱልኝ እትዬ ዘነበች ምስጋናዬ ብዙ ነው። እርስዎም ልብዎ ያለ ሥራ ከሮጠ፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ሰው ሁሉ ካናደደዎት ታይሮይድዎን ይመርመሩ። መድኃኒቱን ሲሻልዎት በራስዎ አያቋርጡ። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ዳማ ከሴው አይሮጥም። ሕመም ላይ ሆነው የተናገሩትን ክፉ ቃል ደግሞ ለሕመሙ አይስጡት። የእርስዎ ነው፤ ይቅርታውም ከእርስዎ ነው የሚጠበቀው።

ግንቦት ውስጥ አንድ ጠዋት ጎመኑ ሥር ተንበርክኬ ነበር። ጉንዳኗ ክሽክሿን ትነካካለች። ሹተር ስፒዱ ሁለት መቶኛ ላይ ነው። ጠብታዋ መውጣት ጀመረች፤ ነገር ግን ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ነበር፣ ብርሃኑ አይበቃኝም። ከኋላዬ የግቢው በር ተሰማኝ። አልተንኳኳም። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ። ዘወር ብል ጠብታዋ ታመልጠኛለች፤ ትንፋሼን ያዝኩ። ቦርሳውን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ፣ ፎሙን ከግድግዳው ሲያነሳ ሰማሁ። ከዚያ ፀሐይዋ ቅጠሉ ላይ መጣች፣ እኔም የካሜራውን ማንሻ ተጫንኩ።