የባሌ ፈረስ ውሃ እንቢ ያለ ጊዜ

ፈረስ ያለው ሰው ይህን ቢያነብ አንድ ነገር ይያዝልኝ። ሰው ፈረስ ገዝቶ የሚያየው እግሩንና ጀርባውን ነው። እኔ ዛሬ የማንም ሰው ግቢ ብገባ መጀመሪያ የማየው ባልዲውን ነው፤ ውሃው ጎድሏል ወይስ እንዳለ ነው? ይህን ያስተማረኝ ባሌ አይደለም። ባሌማ በሕይወት እያለ ፈረሱ አጠገብ አያስደርሰኝም ነበር። “አንቺ ከክርሽ፣ እኔ ከፈረሴ” ይለኝ ነበር።

ክሩ እውነት ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈተላ ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት። ማሽኖቹ ከተነሱ አጠገብሽ ያለችው ሴት ጆሮሽ ውስጥ ካልጮኸች የምትለው አይሰማም፤ እኛም በእጅና በዓይን ነበር የምናወራው። ጡረታ ስወጣ እኔ ወጣሁ፣ ጆሮዬ እዚያው ቀረ። ፊት ለፊቴ ቆሞ ጮክ ብሎ ያወራኝን ሰው እሰማለሁ። ቀጭን ድምፅ ግን፣ የወፍም ሆነ የስልክ ጥሪ፣ ለእኔ የለም። ስልኬ መጮኹን የማውቀው ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ነው። ለዚህ አዝኜ አላውቅም ነበር። የሰው ወሬ ግማሹ ቢቀርብኝ ምን ይጎድልብኛል እል ነበር።

ባሌ ባለጋሪ ነበር። ባጃጁ ከተማውን ከሞላው ወዲህ ሰው መጫኑን ትቶ ሲሚንቶና ብሎኬት ያመላልስ ነበር። ጓደኞቹ ፈረሳቸውን እየሸጡ ባጃጅ ሲገዙ፣ እሱ “ባጃጅ ስጠራው ቀና ይልልኛል?” እያለ ይስቅባቸዋል። ማታ ሲገባ ጋሪውን ይፈታና የፈረሱን ደረትና ትከሻ በመዳፉ ይዳስሳል፤ ጋሪው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትኩሳት ወይም እብጠት ካገኘ በማግሥቱ ሥራ የለም። ኮቴውን አንድ በአንድ ያነሳና የተሰነቀረውን ጠጠር ይለቅማል። ላቡ እስኪደርቅ ግቢውን ቀስ ብሎ ያዞረዋል። ከዚያ ውሃ፣ ከውሃው በኋላ ገብስ። ገብስ ቀድሞ ውሃ ከተከተለ ሆዱን ይነፋዋል ይል ነበር። ይህን ሁሉ ከኩሽና ሆኜ ነው ያየሁት። የውሃው ሰዓት ግን ወጥ የማማስልበት ሰዓት ስለሆነ ጀርባዬ ወደ በሩ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረቴን አለ፤ ሳይመሽ ሄደ። ስለዚህ ብዙ አላወራም፤ ማውራቱም አይሆንልኝ።

በሐዘኑ ሰሞን ፈረሱን ማን እንደሚያጠጣው ልብ አላልኩም። ቤቱ በባሌ ዘመዶችና በባለጋሪዎች ተሞልቷል፤ አንዱ እየተነሳ ፈረሱን ይስብና ወንዝ ያወርደዋል፣ ሆዱ ሞልቶ ይመለሳል። ሰደቃው ወጥቶ ሰው ሁሉ “አብሽሪ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ” እያለ ሲበተን ግቢው ውስጥ እኔና እሱ ቀረን። እኔ ዒዳ ላይ ነኝ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ጊዜዋ እስኪያልቅ ከቤቷ አትርቅም። ስለዚህ ከቧንቧ በባልዲ ቀድቼ አቀረብኩለት። አሸተተው። ከንፈሩን አረጠበና ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ።

“ምነው፣ የቧንቧ ውሃ አነሰህ? ከሱ ጋር ስትሆን የቦይ ውሃ ትጠጣ የለም እንዴ!” ብዬ ተቆጣሁት። ጠዋትም ያው ነው፤ ማታም ያው። ሳሙና ሸቶት ይሆናል ብዬ ባልዲውን በአመድ ፈትጌ አጠብኩ። ባለፈረስ ሁሉ ይህን ይወቅ፤ ፈረስ የሸተተው ባልዲ ውስጥ አፉን አያስገባም። ውሃውን ፀሐይ ላይ አውዬ ለብ አደረግኩለት። እንዲጠማው ብዬ ገብሱ ላይ ጨው ነሰነስኩ። መጠማቱን ተጠማ፤ ምላሱ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ግን ሁለት ጊዜ ጎንጨት ብሎ ይተወዋል። ፋንድያው እየደረቀ፣ እያነሰ መጣ፤ ጎኑ ገባ።

የእንስሳት ሐኪም አስጠራሁ። የአንገቱን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ለቀቀው፤ ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። ድዱን ነካ፣ ደርቋል። ጥርሱንና ጉሮሮውን አየ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቆሞ “እናቴ፣ በሽታ አላገኘሁበትም። ግን ውሃ አንሶታል። እንዲህ ከቀጠለ አንጀቱ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ ማትረፉ ይከብዳል” አለኝ። ፉርሽካ በብዙ ውሃ እያራሱ ይስጡት፣ ግቢ ውስጥም ያንሸራሽሩት ብሎ ሄደ። የራሰውን ፉርሽካ በላ፤ ግን ያ ለትልቅ ፈረስ ምን ያህል ውሃ ይሆናል?

ደጋን ከተማ ያለው ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም፣ ደወለ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። “እትዬ፣ ወላሂ ሐዘን ነው የያዘው። ለጁምዓ መጥቼ ልውሰደው፤ ከኛ ከብቶች ጋር ሲውል ይረሳዋል” አለ። ልጄም ከደሴ ደወለች። እሷ ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ተከራይታ ነው የምትኖረው። “እማ፣ በአላህ ፈረሱን ለነአጎቴ ስጪያቸውና እኔ ጋ ነይ። ብቻሽን ከፈረስ ጋር ምን ትሠሪያለሽ?” አለችኝ።

ምን እንደምሠራ እኔም አላውቅም ነበር። ፈረሱ እንዳይሞት ፈራሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ከሞተም ከሄደም በኋላ የሚመጣውን ግቢ ፈራሁ። ባሌን የሚያውቅ፣ ከእኔ ጋር የሚያድር ነፍስ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ስነሳ የማየው ፊት የፈረስ ፊት ሆኗል። ዋርሳዬን እሺ አልኩት። ምን ልበለው?

ለጁምዓ ዋዜማ፣ ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤቴ ብቅ አሉ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ከቀብሩ በኋላ ጠበል ሄደው ሰንብተው መመለሳቸው ነበር። ድምፃቸው ደግሞ፣ ይመስገነው፣ ለኔ ጆሮ የተሠራ ነው።

“ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከሳው?” አሉ ቆርቆሮውን ተደግፈው።

“ውሃ እንቢ ብሎኝ ነው።”

“ታዲያ አታፏጪለትም?”

“ማን? እኔ?”

“ባልሽ በየማታው እያፏጨ አልነበር እንዴ የሚያጠጣው! እሱ ሲያፏጭ ነው ይኼ የሚጠጣው። እኔማ ያንን ፉጨት ስሰማ ነበር መብራቴን የማበራው። አንቺ ሰምተሽው አታውቂም?”

ሰምቼው አላውቅም። ዕድሜ ልኬን አብሬው ስኖር፣ ከኩሽናዬ በር ጥቂት እርምጃ ርቆ በየማታው ሲያፏጭ፣ ጎረቤት ሰምቶታል፣ ፈረስ ሰምቶታል፣ እኔ አልሰማሁትም። ወንዝ ያወረዱት ወንዶችም ከብት ሲያጠጡ ማፏጨት ልማዳቸው ስለሆነ ሳያስቡት አፏጭተውለታል። ለዚህ ነው ሆዱ ሞልቶ ይመለስ የነበረው። ሴት ግን አታፏጭም። እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ስሞክር እናቴ “ሸይጣን ልትጠሪብን ነው?” ብላ አፌን በጥፊ ብላኛለች።

“በዒዳዬ? ሰው ሰምቶ ምን ይለኛል እትዬ?” አልኳቸው።

“ያንቺን ፉጨት ነው ሰው የሚሰማው? እስቲ መጀመሪያ ይውጣልሽ!”

አልወጣም። ከንፈሬን አሞጠሞጥኩ፤ ነፋስና ምራቅ ብቻ። እሳቸው እንዳያሳዩኝ የፊት ጥርስ የላቸውም። ሁለት አሮጊቶች በአጥር ላይ ከንፈራችንን አሹለን ስንተያይ፣ ፈረሱ እንኳ ጉድ ያየ መሰለ። ከሐዘኑ ወዲህ ያን ጊዜ ነው የሳቅኩት። ሲወጣልኝና ሳይወጣልኝ በጆሮዬ መለየት ስለማልችል፣ እሳቸው ድምፅ ሲሰሙ ጣታቸውን እንዲያነሱ ተስማማን፤ ልክ እንደ ፋብሪካው ጊዜ። ነፋሁ። ጣታቸው አልተነሳም። ከንፈሬ እስኪደነዝዝ ነፋሁ። በመጨረሻ ጣታቸው ተነሳ።

ከጣታቸው ጋር የፈረሱ ጆሮ ዞረ። ሳላቋርጥ ቀጠልኩ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ አፉን ባልዲው ውስጥ ከተተ። እውነት መሆኑን ለማወቅ መዳፌን ጉሮሮው ላይ አደረግኩ፤ ውሃው ጉንጭ በጉንጭ ሲወርድ ተሰማኝ። እንባዬ እየወረደ ማፏጨት እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረው ያውቀዋል። የተጠማ ፈረስ በአንድ ጊዜ ሆዱን መሙላት ስለሌለበት ባልዲውን ወሰድኩበት፤ ጥቂት አሳርፌ ደግሜ ሰጠሁት።

ዋርሳዬ ለጁምዓ መጣና ባዶውን ባልዲ፣ ቀጥሎም እርጥቡን ፋንድያ አየ። “ይቅርልኝ” አልኩት። እንደ መጣ ተመለሰ። አሁን አንድ የባሌ ጓደኛ ቀን ቀን ጋሪውን ይሠራበታል፤ ማታ ለእኔ ያስረክባል። ትከሻውን እዳስሳለሁ፣ ኮቴውን አነሳለሁ፣ አዞረዋለሁ፣ አጠጣዋለሁ። ልጄ ዛሬም ደሴ ነይ ትለኛለች፤ ኢንሻአላህ እላታለሁ።

ዒዳዬ ካለቀ በኋላ ጎረቤቴ ጋ ቁጭ ብለን ሳለ “ፉጨትሽ እኮ ገና የሱን አልያዘም” አሉኝ። “የሱ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ይል ነበር።” ከዚያ ሳቅ አሉ። “ላንቺም እኮ ያፏጭልሽ ነበር።”

“ለኔ?”

“ፈረሱን ያጠጣና ኩሽናሽ በር ላይ መጥቶ ይቆማል። አንድ ጊዜ ያፏጫል። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ድስትሽን ታማስያለሽ። ትንሽ ይጠብቅና ለራሱ ስቆ ይገባል። በየማታው። እኔማ ሰምተሽ እንዳልሰማሽ እየሆንሽ የምትኮሪበት ይመስለኝ ነበር።”

ተነስቼ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ባሌ ላይ ተናደድኩ። ምነው አንድ ቀን እንኳ ትከሻዬን ነካ ቢያደርገኝ!

ማታ ፈረሱን አጠጣሁ። ባልዲው ሲጎድል አየሁ፣ ገብሱን ሰጠሁት፣ ኩሽና ገባሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማታው ወጡን እያማሰልኩ፣ መሃል ላይ ማማሰያውን አስቀምጥና ወደ በሩ ዞር እላለሁ።