ሳይቀመስ የተሰጠኝ ኮክቴል

ነገሩ የሆነው በ2001 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት ነው። ሰው ሁሉ «እርሳው» ይለኛል። አልረሳሁትም። ባስታወስኩት ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የምኖረው ጉንደ ወይን ነው፤ እህል እነግዳለሁ። ድሮ ክፉ ጠጪ ነበርኩ። አረቄ ከቀመስኩ ቤት ገብቼ ዕቃ እሰብራለሁ፣ ያገኘሁትን እሳደባለሁ። ልጄ ሰብለ አምስት ዓመቷ ሳለ ድምፄን ከበር ስትሰማ እናቷ ጀርባ ትደበቅ ነበር። አንድ ቀን ይህን በዓይኔ አየሁ። ዲማ ገዳም ድረስ በእግሬ ሄጄ በንስሐ አባቴ ፊት ዳግመኛ መጠጥ ላልቀምስ ቃል ገባሁ። አራት ዓመት ጠበቅሁት፤ ጠላ እንኳ አልቀመስኩም።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ይበልጣል አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ባርማን ነው። ለበዓሉ ሲመጣ አንድ ሻንጣ ጠርሙስና ኮክቴል መበጥበጫውን ይዞ መጣ። «ዛሬ ይኼን ቤት ባር አደርገዋለሁ» አለ። እውነቱን ለመናገር እጁ ያምራል። ለጎረቤቶቻችን አረቄውን ከማርና ከሎሚ ጋር በጥብጦ ጤና አዳም ጣል አደረገበት፤ አምቦ ውኃም ሞላበት። የብርጭቆውን ከንፈር በሎሚ አርሶ ስኳር ላይ ሲደፋው ሰው ሁሉ ተደነቀ።

ለእኔ የብርቱካን ጭማቂ አዘጋጀ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ለብቻ ነው። ምንም መጠጥ የለበትም» አለኝ።

በእኛ አገር ቀጂ ሳይቀምስ ለሰው አይሰጥም። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስና ነው የሚያቀርበው። እኔም «እስኪ ቀምሰህ ስጠኝ» አልኩት።

«ባርማን የሰው መጠጥ አይቀምስም፤ ነውር ነው» አለ። ወደ እንግዶቹ ዞር ብሎም «ጋሼ መርዝ መሰላቸው እንዴ?» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። አፈርኩ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አገሬ ወግ አፈርኩ። ተቀብዬ ጠጣሁ። ጣፋጭ ነበር። ሁለተኛ ቀዳልኝ፣ እሱንም ጨረስኩት።

ከዚያ ጆሮዬ ጋለ። ያንን ሙቀት አውቀዋለሁ።

«ምንድን ነው ያጠጣኸኝ?» አልኩት።

«ቮድካ ነው፤ ሽታ የለውም» አለኝ እየሳቀ። «ይኸው ሁለት ጠጡ፣ ምን ሆኑ? በበዓል ቀን እንደ መነኩሴ ጥግ ይዘው ከሚቀመጡ ብዬ ነው።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ባለቤቴ ብርጭቆውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ሦስተኛውን ግን ማንም አልቀዳልኝም፤ ራሴ ቀዳሁት፣ ያውም ከአረቄው። አራተኛውንም እንዲሁ። ስንተኛው ላይ መጮህ እንደጀመርኩ አላውቅም። ትዝ የሚለኝ መሶቡን ስገለብጠውና ሰብለ እናቷ ጀርባ ስትገባ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

እንደገና ለማቆም ሰባት ወር ፈጀብኝ። ይበልጣል ሽማግሌ ላከ፤ «ለጨዋታ ብዬ ነው» አለ። ሽማግሎቹን አክብሬ ይቅር ብያለሁ አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት። የራሴን ጥፋት አልክድም፤ ሦስተኛውን የቀዳው የእኔ እጅ ነው። ሁለቱን ግን የሰጠኝ እሱ ነው፣ እያወቀ፣ እየሳቀ። ሰው ስንት ዓመት ታግሎ የዘጋውን በር ለአንድ ከሰዓት ሳቅ ብሎ መክፈት ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?

ሰብለ አሁን ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ትማራለች። ለዕረፍት ስትመጣ አንገቴን አቅፋ ትስመኛለች። ከሳመችኝ በኋላ ግን ቶሎ አትለቀኝም፤ ጉንጬ ላይ ትንሽ ትቆያለች። ትንፋሼን እያሸተተች መሆኑን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ይበልጣልን አምርሬ እጠላዋለሁ። ለእሷ ግን ፊቴን ሳላዞር እተነፍስላታለሁ።