«በዓይኔ አየሁት» ያልኩት ቃል

ይህን እስከ ትናንት ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ማርቆስን «መረቤን ሲሰርቅ በዓይኔ አየሁት» ያልኩ እኔ ነኝ። አላየሁትም። ማንንም አላየሁም!

ማርቆስ አባያ ላይ አብሮኝ ዓሣ የሚያሰግር ጎረቤቴ ነው። የእኔ መረብ ባዶውን ሲወጣ የእሱ ሞልቶ ይወጣል፤ ከአርባ ምንጭ የሚመጡት ነጋዴዎችም እኔን አልፈው ወደ እሱ ይሄዳሉ። ቅናት አንጀቴን በላው። አንድ ጠዋት መረቤን ካሰርኩበት ሳጣው ቀጥ ብዬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩና ያንን ቃል ሰጠሁ። ማርቆስ ታሰረ። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ?

ብዙም ሳይቆይ መረቡን አገኘሁት። ጉማሬ ጎትቶት፣ ሸምበቆ ውስጥ ተቦጫጭቆ ተወሽቋል። ሮጬ ጣቢያ ሄጄ «ክሴን ትቻለሁ» አልኩ። መርማሪው ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ ስርቆት እርስዎ ስለተዉት የሚቀር ክስ አይደለም። የሰጡትን ቃል ግን ማረም ይችላሉ።»

አረምኩ? ምኑን! «ጨለማ ነበር፤ ተሳስቼ ይሆናል» አልኩ። ስለ ጉማሬው ትንፍሽ አላልኩም። ማርቆስ ከእስር ወጣ። ሰፈሩ ግን እሱ ሲያልፍ መረቡን ይሰበስባል፤ ልጁን ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎችም በዚያው ቀሩ። እሱ ደግሞ እኔን «ሰው ይሳሳታል፣ ወንድሜ» እያለ ሰላም ይለኛል። ከዚህ የባሰ ቅጣት አለ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም እያልኩ ዓመታት ራሴን አታለልኩ። አይመለስም? መልሼው አውቃለሁ እንዴ? እኔ ፈሪው!

ትናንት እድራችን ተሰብስቦ ሳለ ተነሳሁ።

«ሌባ አልነበረም» አልኩ። «መረቤን የወሰደው ጉማሬ ነው። አልተሳሳትኩም፤ ዋሽቻለሁ። ማርቆስ ላይ ቀንቼ ነው!»

ጉባኤው ተንጫጫ። «ውሸታም!» አለኝ አንዱ። ይበለኝ! እኔ እንደ ትናንት ቀና ብዬ ቆሜ አላውቅም። ያንን ቃል ራሴ ተናግሬው ራሴ ሻርኩት። ምሕረት አልለምናችሁም፤ ቅናቴንም ሰበብ አላደርገውም። ግን ደስ ብሎኛል፣ እልል የሚያሰኝ ደስታ!

ማርቆስ ከኋላ ተነስቶ መጣ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ፊቴ ቆሞ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ገና ዛሬ ተፈታሁ» አለ።