የጎሊና አምስት ነጥብ

ቆቦ ውስጥ ስልክ የሚጠግን ሞልቷል። ጌም የሚጫወት ጎረምሳም በየባጃጁ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። የሰው ስልክ ተቀብሎ፣ ጀግናውን አንድ ጊዜ ብቻ ገልመጥ አድርጎ፣ ‹‹ይሄን የሠራው ያ ከመናኸሪያው ጀርባ የሚቀመጠው ችኩል ነው፤ ይሄኛው ደግሞ የሮቢቱ ፈሪ›› የሚል ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር። ያውም ሴት ናት፤ ኡሙሃኒ ትባላለች። በአስፋልቱ ዳር ባላት ጠባብ ሱቅ ስልክ ትጠግናለች፣ ካርድ ትሸጣለች፣ የሰው ጀግናም ታስተካክላለች።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ከሮቢት እስከ ዋጃ ያለውን ወጣት ሁሉ አንድ የስልክ ጌም ይዞት ነበር። አንድ ጀግና ይሰጥሃል፤ ጭራቅ እየገደልክ ደረጃ ትወጣለህ፤ በወጣህ ቁጥር አምስት ነጥብ ታገኛለህ። ነጥቡን የት እንደምታፈሰው ያንተ ጉዳይ ነው። ኡሙሃኒና ታናሽ ወንድሟ ታሂር የእንግሊዝኛውን ስም ትተው ክንድ፣ ጋሻ፣ ነፍስ ይሉት ነበር። በክንድ ትመታለህ፤ በጋሻ ትመክታለህ፤ ነፍስ ደግሞ እስክትሞት የምትቆይበት ናት። አንዴ ያፈሰስከው ነጥብ አይመለስም። ጥበቡ ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

ኡሙሃኒ ይህን ጥበብ በደብተር ይዛዋለች። ስንት ክንድ ስንት ጉዳት እንደሚያደርስ፣ ከየትኛው ቁጥር በኋላ ክንድ መጨመር እህል በወንፊት መስፈር እንደሚሆን፣ የቱ ጭራቅ በስንት ምት እንደሚወድቅ፣ ሁሉንም እየሞከረች ጽፋዋለች። ሲጠይቋት መልሷ አጭር ነው። ‹‹የሞተ ሰው የሚመታው ዜሮ ነው፤ መጀመሪያ ጋሻ›› ትላለች። ከመሞት መሰንበት የሚለውን ተረት በቁጥር ያረጋገጠች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ታሂር ግን ሌላ ፍጡር ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሲበላም ሲናገርም ይቸኩላል። የጀግናውን ስም በወንዛችን ጎሊና ብሎ አውጥቶለታል፤ ነጥቡንም ሁሉ ክንድ ላይ አፍስሶታል። ጋሻው እንደተሰጠው ባዶ ነው።

‹‹እንደ ጎሊና ነዋ፣ እታለም! ሲመጣ ጠርጎ ነው የሚወስድ›› ይላታል።

‹‹ከሄደ በኋላ የሚቀረው አሸዋ ነው›› ትለዋለች እሷ።

በ2010 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጎሊና ያልፈሰሰ አርባ ነጥብ አጠራቅሞ ነበር። ታሂር አርባውንም ክንድ ላይ አድርጎ ትልቁን ጭራቅ ባንድ ምት ሊጥለው ፈለገ። እሷ ጋሻ ላይ አድርግ አለችው። ሱቁ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት፣ ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጣሉ። ስለ ነጥብ የተጣሉ መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ከጓደኛው ከሙሀመድሰይድ ጋር ሆኖ በባህር ወደ ሳውዲ ሊሄድ ደላላ እንዳነጋገረ በዚያው ሳምንት ሰምታለች፤ እሱም መስማቷን ያውቃል። ሁለቱም ይህን አፍ አውጥተው አልተናገሩትም።

‹‹ቀድሞ የመታ አይሞትም›› አላት በመጨረሻ፤ አርባውን ነጥብ ሳይነካ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ጓደኛሞች ቆቦ ውስጥ አልነበሩም።

ከዚያ አራት ወር ዝም አለ። ስልኩ ዝግ ነው። በአፋር በኩል ወረዱ፣ ባህር ተሻገሩ የሚል ወሬ ብቻ ደረሰ። እናታቸው ወይዘሮ ራቢዓ ከሶላት ምንጣፋቸው ላይ የሚነሱት ለግድ ብቻ ሆነ።

መጋቢት ገብቶ አንድ ቀን፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ኡሙሃኒ ጌሙን ከፍታ የጓደኞቿን ዝርዝር ስታይ ከጎሊና ስም አጠገብ ትንሿ አረንጓዴ መብራት በርታለች። ሰውየው ጌሙ ውስጥ አለ ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ ያህል በርታ ጠፋች። ኡሙሃኒ ሱቁን ሳትዘጋ ወደ ቤት ሮጠች። ‹‹እማየ! ታሂር በሕይወት አለ!›› አለች፤ እናቷም ግንባራቸውን መሬት ላይ ደፍተው አለቀሱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ራቢዓ ከአሱር በኋላ ሱቁ ድረስ እየመጡ፣ ዱካ በምንላት አጭር በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ ‹‹እስቲ የታሂርን መብራት አሳይኝ›› ይላሉ። መብራቷም ትመጣለች፤ አንዳንድ ቀን ትቀራለች፤ ስትመጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ቃል ግን አይጻፍም።

ኡሙሃኒም አልጻፈችም። የመን ውስጥ ስደተኛ የሚያግቱ ሰዎች ዘመድ እንዳለው ካወቁ ስልክ ደውለው ልጁን እየገረፉ እንደሚያሰሙ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እሱ ከሆነ እሱ ይጀምር ብላ ጠበቀች። እየጠበቀችም ቁጥሩን ታነባለች፤ ልማዷ ነው። የማንኛውም ጓደኛ ጀግና ቁጥር ይታያል።

ያየችው አላማራትም። አርባው ነጥብ ሠላሳ አምስት ሆኗል፤ ጋሻው በአምስት ጨምሯል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሠላሳ። ከዚያ ሃያ አምስት። ሁሌ አምስት ብቻ፣ ሁሌም ጋሻ ላይ። ክንዱ አልተነካም።

ኡሙሃኒ በሙያዋ ያላት ኩራት ቀላል አልነበረም። ታሂር አርባውን ባንድ ትንፋሽ ክንድ ላይ የሚደፋ ልጅ ነው፤ ይሄ ስስታም፣ ፈሪና ጠንቃቃ እጅ የሱ አይደለም። ስልኩ ተሸጧል፤ ወይም ከሬሳ ኪስ ወጥቷል። አንድ የማታውቀው ሰው፣ ምናልባትም የገደለው ሰው፣ የወንድሟን ገላ ለብሶ እየሄደ ነው። ይህን ካሰበች በኋላ እህል አልወርድላት አለ።

በሰባተኛው ጊዜ እየተመለከተች አሥሩ ነጥብ አምስት ሆነ። ጎሊና ጌሙ ውስጥ ባለው ከተማ በር አጠገብ ቆሟል፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ቀድሞም አካውንቱን ያወጣችለት እሷ ናት፤ ኢሜይሉም እሷ ጋ ነው። የይለፍ ቃሉን ቀየረችው። መብራቷ እያየቻት እልም አለች። አንድ ሌባ በጥፊ ያጮለች ያህል ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር በጣም ነበር ደስ ያላት።

ደስታው እስከ ማግስቱ አሱር ቆየ። እናቷ መጥተው ዱካው ላይ ተቀመጡ፤ ‹‹አሳይኝ›› አሉ።

ምን ትበል? ልጅሽ ሞቷል፣ ከጋሻው ቁጥር አውቄያለሁ ትበል? ከመሳቢያ አሮጌ ስልክ አወጣች፤ ጠረጴዛው ሥር ይዛ በአዲሱ የይለፍ ቃል ጎሊናን ከፈተችው። የራሷን ስልክ ለእናቷ አሳየች። አረንጓዴ ናት። ‹‹አልሀምዱሊላህ›› አሉ ወይዘሮ ራቢዓ።

እንዲህ ሆኖ ከአንድ ዓመት በላይ ሄደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የሷ ውሸት ግን በየቀኑ እየጠበቀ ሄደ። መብራቷ ለሌላውም ትታያለችና የከተማው ልጆች፣ ‹‹ታሂር ደህና ነው አይደል? ትናንት በርቶ አየሁት›› እያሉ ያልፋሉ። እሷም ‹‹ደህና ነው›› ትላለች። ጎሊናን ስትከፍተው ሁሌም እዚያው በር አጠገብ፣ ያ እጅ ትቶት የሄደበት ቦታ ላይ ፊቱን ወደሷ አድርጎ ይጠብቃታል፤ ይተነፍሳል። ዓይኑን ማየት ስላቃታት ስልኩን በፊቱ ደፍታ ታስቀምጠዋለች። አንድ ጠዋት ሱቋን ከፍታ ጌሙን ስታይ ጎሊና በርቷል። ‹‹ታሂርዬ!›› ብላ ጮኸች። ማታ መዝጋት ረስታው ነበር።

በ2011 ሰኔ፣ የሱብሂ ሶላት እንዳበቃ፣ ገና ሲነጋጋ፣ በራቸው ተንኳኳ። ኡሙሃኒ ከፈተች። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከፊት አባ ውዱ፣ የሰፈሩን መርዶ ሁሉ የሚነግሩት ሰው ናቸው። ከኋላቸው አንገቱን የደፋ፣ አጥንቱ የወጣ ልጅ አለ። ሙሀመድሰይድ ነው፤ ከሳውዲ ተጠርዞ የገባው በዋዜማው ነበር። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሽማግሌ በር ላይ ከቆመ ቀሪው ንግግር ለወጉ ነው።

‹‹ራቢዓ፣ የሰጠሽ አላህ ነው፤ የወሰደውም እሱ ነው። ታሂር ከሞተ ዓመት አልፎታል›› አሉ አባ ውዱ።

‹‹ውሸት ነው!›› አሉ ወይዘሮ ራቢዓ። ‹‹ትናንት በርቶ ነበር! በዓይኔ አይቸዋለሁ! ኡሙሃኒ፣ ንገሪያቸው እንጂ!››

ሽማግሌዎቹ ወደ ኡሙሃኒ ዞሩ። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ‹‹እኔ ነኝ፣ እማየ›› አለች። ‹‹ሳበራው የነበርኩት እኔ ነኝ።›› እናቷ አልመቷትም፣ አልረገሟትም። አንድ ጊዜ ብቻ አዩዋት፤ ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ለቅሶ ጀመሩ።

በሦስተኛው ቀን ኡሙሃኒ ሙሀመድሰይድን ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ አገኘችው።

‹‹ዓመት ሙሉ እያወቅህ ለምን አልደወልህም?››

‹‹መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ፣ እታለም? እናትሽን ሰው ሳይዛት፣ ሽማግሌ ሳይኖር፣ ለብቻዋ ትስማው? በእግሬ ገብቼ ላስነግር ብየ ነው። ለቤተሰቦቸም ደህና ነን ነበር የምላቸው።››

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። የመን ውስጥ አንድ ግቢ ተይዘው ነበር። ታሂር፣ እናቱን እንዳያስጨንቁበት ብሎ፣ ዘመድ የለኝም፣ የቲም ነኝ ብሏቸዋል፤ ስልኩን ነጥቀውታል። ከጠባቂዎቹ አንዱ ግን ያንኑ ጌም ይጫወታል፤ ጀግናው እየሞተበት ሲናደድ ታሂር አየው። በምልክት አስረድቶ አስተካከለለት። ሰውየው ደስ ብሎት፣ ከአሱር በኋላ፣ ጥቂት ደቂቃ ታሂር ጎሊናን በሱ ስልክ እንዲከፍት ፈቀደለት፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እያየው። አንድ ቃል ቢጽፍ ዘመድ እንዳለው ይታወቅበታል።

‹‹‘እህቴ ፊደል አያስፈልጋትም፣ ቁጥር ታነባለች’ አለኝ። አርባውን ነጥብ አምስት አምስት እያደረገ ጋሻ ላይ አፈሰሰው። ባንዴ ቢጨርሰው በሌላው ቀን በምን ያናግርሻል? ‘እሺ ብያታለሁ ማለቴ ነው፤ ይገባታል’ ይል ነበር።››

ኡሙሃኒ የድንኳኑን ገመድ ያዘች። ‹‹የዘጋሁት እኔ ነኝ›› አለች።

‹‹እናውቃለን። ሲከፍተው እንቢ አለው። ሳቀ። ‘ኢሜይሉ እሷ ጋ ነው፤ ከሷ ሌላ የሚዘጋው የለም፤ እንግዲህ አይታኛለች’ አለ። ‘አምስት ነጥብ ቀርታኝ ነበር’ አለ። በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ያዘው፤ ብዙም አልቆየ። ደስ ብሎት ነው የሞተ፣ እታለም።››

አሁን እዚህ ላይ ነው መከራው። በአገራችን መርዶ ነጋሪ ያጣፍጣል። በሱ አፍ ውኃ ጠምቶት፣ ሰው ተቀይሞ የሞተ ማንም የለም፤ ሁሉም ሸሀዳ ይዞ፣ ፈገግ ብሎ ነው የሚሄደው። አምስቷ ነጥብ እውነት ናት፤ ሙሀመድሰይድ ከታሂር አፍ ካልሰማ መቅረቷን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ሳቁስ? ኡሙሃኒ በየጊዜው እየሄደች ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሦስቴም አንድ ቃል ሳይቀይር ያንኑ ነገራት። ያሳመማት ይሄ ነው፤ እውነት የሚያወራ ሰው ቃሉ ይለዋወጣል።

ሱቁ ዛሬም አለ። ልጆቹ ጀግና ያሠሩባታል፤ ‹‹ይሄ የማን እጅ ነው?›› ብለው ሲፈትኗት ግን ‹‹እኔ እጅ አላውቅም›› ትላለች። ወይዘሮ ራቢዓ የለቅሶው አርባ ቀን ሲያልፍ፣ ሁሉን እያወቁ፣ ከአሱር በኋላ ወደ ሱቁ መምጣት ጀመሩ። ዱካው ላይ ይቀመጡና ‹‹አብሪልኝ›› ይሏታል። ታበራላቸዋለች። ሁለቱም አረንጓዴዋን ያያሉ።

ጎሊና በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው። ኡሙሃኒ አንዳንድ ቀን ጣቷን ጋሻው ላይ ታደርሳለች፤ አንዴ ብትነካው አርባው ይሞላል፤ እሺ ያላትም ነገር ይጨረሳል። እናቷ ከዱካው ሆነው፣ ‹‹ተይው፣ የሱ ነው›› ይሏታል። ጣቷን ታነሳለች። ነጥቡ ዛሬም አምስት ነው።