እኩል ይሁኑ የተባሉ ፊቶች

ፎቶ ማሳነስና ማሳደግ እንጀራዬ ነው። ጊዮርጊስ አጠገብ ባለችው ጠባብ የኅትመት ቤታችን ውስጥ የሰርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያና የትምህርት ቤት መጽሔት ሳቀናብር ዓመታት አልፈዋል። እንደ እድራችን መጽሔት አንጀቴን ያሳረረው ሥራ ግን የለም።

ዶሮ ማነቂያ ያለው ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፤ እድሩም ሊፈርስ ሆነ። ከመፍረሱ በፊት ማስታወሻ የሚሆን መጽሔት ይታተም ተባለና፣ የሰፈሩ ልጅ ነኝና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ዋናው ገጽ በሕይወት የሌሉት አባላት ፎቶ የሚደረደርበት ነበር። እናቴም ከእነሱ አንዷ ናት።

ፎቶዎቹ ሲመጡ ማበድ ነው የቀረኝ። አንዱ ጉርድ ፎቶ ያመጣል፣ አንዱ አባቱን ከነሙሉ ቁመታቸው። አንዱ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ከነመስታወቱ በስልክ አንስቶ፣ የራሱን ጥላ ሟቹ ደረት ላይ አጋድሞ ይልካል። ያም ሆኖ እኩል እኩል ሳጥን ሠርቼ ሁሉንም አስገባሁ። ጥሩ ገጽ ነበር።

የእድሩ ዳኛ ሊያዩት መጡ። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትራቸው ዛሬም ከኮታቸው ኪስ አይጠፋም። የናሙናውን ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘረጉና ሜትራቸውን አውጥተው የሙታኑን ፊት መለካት ጀመሩ።

«ይሄ ፊቱ ሰሃን አክሏል፣ ያኛው ምስር። ምንድን ነው ነገሩ?»

«ጋሼ፣ ሳጥኑ እኮ እኩል ነው።»

«ሳጥኑ ነው እንዴ የሞተው? ፊታቸው እኩል ይሁን! በእድር ሀብታም ደሃ የለም፤ ለሁሉም የተተከለው ያው አንድ ድንኳን ነው።»

እሺ ብዬ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የምሠራበት ፕሮግራም አንድ ተንኮል አለው፤ ፎቶውና የተቀመጠበት ሳጥን ለየብቻ ናቸው። ሳጥኑን ስታሳድገው ፎቶው ባለበት ይቀራል፤ ፎቶውን ስታሳድገው ሳጥኑ ይቆርጠዋል። የአንድ ሽማግሌን ፊት ላሳድግ ስል አፍንጫቸው ብቻ ሳጥኑን ሞላው። የፎቶውን ጥግ ትቼ ጎኑን ብቻ ስጎትት ደግሞ ሲበዛ ቀጭን የነበሩ እትዬ ከሞቱ በኋላ ወፈሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ሳልቸኩልም ስለቅም ዋልኩ። ማውሱን ግድግዳ ላይ ብወረውረው ደስ ባለኝ፣ ግን የአሠሪዬ ነው።

እንደ ምንም ሁሉንም አስተካከልኩ። የቀረችኝ እናቴ ነበረች።

እናቴ ፎቶ ቤት ገብታ አታውቅም። የመታወቂያዋንም ፎቶ የክረምት ውሃ አበላሽቶታል። ያለኝ አንድ ፎቶ የጎረቤት ሰርግ ላይ የተነሳ ነው፤ ሙሽሮቹ መሐል ናቸው፣ እሷ ዳር ላይ ድስት ተሸክማ ታልፋለች። የሰፈሩን ድግስ ሁሉ የምትሠራው እሷ ስለነበረች ቆማ የምትነሳበት ጊዜ አልነበራትም። ከሌሎቹ እኩል እንድትሆን ሳሳድጋት ፊቷ ትንንሽ ካሬ ሆኖ ተበተነ። ቀነስኩት፤ ጭጋግ ሆነች። እንደገና ቀነስኩት። እናቴን የምትመስለው ፊቷ ጥፍሬን ሲያክል ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ የማላውቃት ሴት ትሆናለች።

ዳኛው ሲመለሱ ደሜ ፈልቶ ጠበቅኳቸው። «የእኔ እናት ትቅር፤ ስሟ ብቻ ይጻፍ» አልኳቸው።

«ፎቶዋስ?»

«አያድግም ጋሼ! ስንት ጊዜ ልንገርዎ? ፎቶው ውስጥ የሌለውን ከየት ላምጣው?»

ማኅተም ሊያሠራ የመጣ ሰው ዞር ብሎ አየኝ። እሳቸው ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ልቅሶዬ እየመጣ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ዳኛው ጠጋ ብለው ስክሪኑን አዩ። የልጆቻቸውን የሰርግ ድግስ ሁሉ የሠራችው እናቴ ናት። ሜትራቸውን አወጡና ስክሪኑ ላይ ትንሿን ፊቷን ለኩ።

«የእሷ ካላደገ የሌሎቹ ይነስ» አሉ።

«የሁሉም? ጋሼ፣ ገጹ እኮ ባዶ ይሆናል! ያምራል ብለው ነው?»

«አያምርም። ከእኔ ባለቤት ጀምር።»

የባለቤታቸው ፎቶ ከሁሉም የጠራ ነበር። በወጣትነታቸው ፒያሳ ፎቶ ቤት የተነሱት ነው፤ ሹሩባቸው አንድ በአንድ ይታያል። ጥጉን ይዤ አሳነስኳቸው። ሹሩባው ጠፋ፣ ከዚያ የጆሮ ጌጡ ጠፋ። ዳኛው ሜትራቸውን እንደያዙ «ቀጥል፣ ቀጥል» ይሉኛል። «በቃ» ሲሉ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

መጽሔቱ የታደለው የእድሩ ድንኳን ለመጨረሻ ጊዜ በተተከለበት ቀን ነው። ሰው አጉረመረመ። «አባታችንን በአጉሊ መነጽር እንፈልግ እንዴ?» ያለኝም አለ። እውነቱን ነው፤ ያ ገጽ ከሠራሁት ሁሉ አስቀያሚው ነው፣ ዛሬም ሳየው ያበግነኛል። የራሱን ሰው ለማግኘት ሁሉም ገጹን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ፊት በፊት እየለየ ማለፍ ነበረበት። እያጉረመረመ ያልፍና አንዲት ድስት የያዘች ሴት ላይ ሲደርስ ቆም ይላል።

«ውይ፣ እሷም አለች!» ይላል፤ የእናቴን ስም እየጠራ።