የሰይድ ጣቶች

ባለፈው ክረምት የልጄ ልጅ ሐምዛ ከግንብ ወድቆ ክርኑ ተሰበረና ቆቦ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ፣ የልጅ አጥንት የሚያድግበት ስስ ቦታ መላቀቁን አሳየን። ጀሶውን ጨርሶ፣ «ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ቀጠሮ ሳትጠብቁ አምጡልኝ፤ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታል» አለ። ምነው ይህን ቃል በደርግ ጊዜ የነገረን ሰው በነበረ አልኩ በልቤ።

ያኔ ገና ኮረዳ ነበርኩ። ማሽላው ሊታጨድ ደርሶ ሜዳው ቀልቷል። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ቁርቁራ ሊለቅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ያን ፍሬ ዛሬም ገበያ ላይ ሳየው ፊቴን አዞራለሁ። ወጌሻው አባ ይማም ክርኑን በቅቤ አሽተው፣ በሸምበቆ ስንጣሪና በመቀነት ጥፍር አድርገው አሰሩት። «እኔ እስክመለስ ማንም እንዳይፈታው» ብለው ዋጃ ለቅሶ ሄዱ። እኛ ዘንድ ወጌሻ ያሰረውን ሌላ ሰው አይነካም፤ የነካ ቤት ወጌሻ ዳግመኛ አይረግጠውም።

በማግስቱ ጣቶቹ አብጠው ጠቆሩ። አባቴ አባ ይማምን ፍለጋ ወጣ፤ ወታደሮች መንገዱን ዘግተው ኬላው ላይ እንዳስቀሩት ሰማን። የክሊኒኩ ጤና ረዳት ለዘመቻ ተወስዶ በሩ ተቆልፏል። ሰይድ መጀመሪያ ይጮህ ነበር፤ በኋላ ዝም አለ። ዝምታው ባሰብኝ። የጣቱን ጫፍ ብቆነጥጠው ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።

«እማ፣ እንፍታው! በአላህ!»

«አጥንቱ ቢበተንስ? ዕድሜ ልኩን ጎዶሎ ላድርገው?»

«ይኸው እጁ እየሞተ እኮ ነው!»

እናቴ «ያ ረቢ፣ አንተው ታውቃለህ» እያለች ከማገሩ ምላጭ አወጣች። መቀነቱን በጠሰችው። «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ትለዋለች። እኔ ጣቶቹን በእጆቼ መሃል ይዤ እተነፍስባቸዋለሁ፤ አልሞቅ አሉኝ። ቆይቶ ሰይድ እሪ ሲል፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

እጁ አልተቆረጠም። ጣቶቹ ግን እንደታጠፉ ቀሩ፤ ክርኑም ጠሞ አደገ። እናቴ ዘግይቼ ፈታሁት እያለች እስከ ዕለተ ሞቷ አለቀሰች።

ሐምዛ ጀሶ የታሰረለት ቀን ሰይድ ከሮቢት መጣ። ዛሬ ሽበታም ሰው ነው። ሰላም እንኳ ሳይለን ልጁ አጠገብ ቁጭ አለና፣ ከጀሶው ብቅ ያሉትን ጣቶች በደህናው እጁ ያዘ። ምሳ ቀርቦ እንኳ አልለቀቀም። «ብላ እንጂ» ስለው ራሱን ነቀነቀ።

«ሙቅ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዳበሳቸውና፣ «አሁንም ሙቅ ነው» አለ።